«ዋናው መግባባት ነው» ስለሚባለው ማመካኛ

በዘመናችን ብዙ ስንፍና የሚሸፈንበት አንድ አጭር አነጋገር አለ፤ እርሱም «ዋናው መግባባት ነው» የሚለው ነው። ወጣቱ በእጅ ስልኩ ለጓደኛው፣ ለእኅቱ ወይም ለዕድር ሰብሳቢው መልእክት ሲጽፍ ፊደሉን እንዳጋጠመው ይጥለዋል፤ ዐረፍተ ነገሩን ሳይዘጋ ይተወዋል፤ አንዱን ቃል በአንድ መስመር ውስጥ በሁለት ዐይነት ይጽፈዋል። «ስለ ምን እንዲህ ጻፍህ?» ብለው ቢጠይቁት፣ «ተግባብተን የለም ወይ? ዋናው መግባባት ነው» ብሎ ይመልሳል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚህ መልስ ጋራ ነው። መልሱ ግማሽ እውነት ስላለበት ከሙሉ ውሸት ይልቅ ያሳስታል፤ ሙሉ ውሸት ቶሎ ይታወቃልና።

ነገሩ በኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። እንግሊዞች የሰውንና የአገርን ስም፣ እንዲሁም የዐረፍተ ነገርን መጀመሪያ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ ጀርመኖች ደግሞ ስም የሆነውን ቃል ሁሉ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። የነዚያም አገር ወጣቶች ዛሬ በስልክ ሲጻጻፉ ትልቁን ፊደል ትተው ሁሉን በትንሹ ይጽፋሉ፤ ታላላቆቻቸውም ይቈጧቸዋል። የኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም። ጌታውም ሎሌውም፣ ተራራውም ጠጠሩም በእኩል ቁመት ይጻፋሉ። በዚህ ነገር ከክርክሩ ነፃ የወጣን ይመስለናል፤ ዳሩ ግን የኛ ጸሓፊ የሚፈተንበት ሌላ ነገር አለው፤ ይኸውም ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ሞክሼ ፊደላት መለየት፣ ነጥቦቹንም በየስፍራቸው ማኖር ነው።

ሞክሼዎቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ አሉ፤ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ አሉ፤ አልፋው አና ዐይኑ ዐ አሉ፤ ጸሎቱ ጸና ፀሓዩ ፀ አሉ። በዚህ ላይ ሀና ሃ፣ ሐና ሓ፣ ኀና ኃ፣ አና ኣ፣ ዐና ዓ በአማርኛ አፍ አንድ ሆነው ይነገራሉ። እንግዲህ የምንኖርባትን ከተማ ስም ብቻ ብንወስድ፣ ሐረር፣ ሓረር፣ ሀረር፣ ሃረር፣ ኀረር፣ ኃረር ተብሎ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው። ዓለም ፀሐይ የምትባል ሴት ብትኖር ደግሞ፣ «ዓለም» በአራት፣ «ፀሐይ» በዐሥራ ሁለት ዐይነት ስለሚጻፍ፣ ስሟ በ48 መልክ ሊወጣ ይችላል። አፍ አንድ ጊዜ የሚጠራውን እጅ 48 ቦታ ይበትነዋል ማለት ነው።

«ዋናው መግባባት ነው» የሚሉት ሰዎች ሦስት ማስረጃ ያቀርባሉ። አንደኛው፣ ድምፁ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከንቱ ነው ይላሉ። ሁለተኛው፣ ለወዳጅ የሚጻፍ ቀላል መልእክት ደብዳቤም ውልም ስላልሆነ ሕግ አያስፈልገውም ይላሉ። ሦስተኛው፣ ሊቃውንቱ ራሳቸው ባልተስማሙበት ነገር እኛን ማስጨነቅ ግፍ ነው ይላሉ። ሦስቱንም በየተራ እንያቸው።

የፊተኛውን የሚናገር ሰው በሐረር ተቀምጦ ቢናገረው እጅግ አስደንቀዋለሁ። እነዚህ ፊደላት በግእዝ ዘመን የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ ድምፁ በአማርኛ አፍ ጠፋ እንጂ በዓለም ላይ አልጠፋም። ትግርኛ ሐን ከሀ፣ ዐንም ከአ ዛሬም ለይቶ ይናገራል። ዐረብኛም ሀን፣ ሐንና ኀን የሚመስሉትን ሦስት ድምፆች በሦስት ፊደል ለይቶ ይጽፋል። በጀጎል ግንብ ውስጥ ቁርኣን የቀራ ሕፃን አማርኛ ተማሪ ቤት ሳይገባ ገና በአምስትና በስድስት ዓመቱ ይህን ልዩነት በጕሮሮው ያውቀዋል። «ሐሰን» የሚለው ስም በየትኛው ድምፅ እንደሚጀምር እርሱን ጠይቁት። በሸሪፍ ቤተ መዘክር የተሰበሰቡትን የጥንት የእጅ ጽሑፎች የገለበጡ የሐረር ጸሓፊዎች ሐን በሀ ቢለውጡ ኖሮ መጽሐፉ እንደ ተበላሸ ይቈጠርባቸው ነበር። ስለዚህ «ልዩነቱ ከንቱ ነው» የሚለው ሰው «እኔ አልሰማውም» ማለቱ ነው እንጂ ሰሚ የለውም ማለት አይደለም። ጎረቤቱ ይሰማዋል።

በትርጕምም ረገድ ልዩነቱ ሥራ ነበረው፤ ዛሬም ፈጽሞ አልተወም። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ ብርሃን ሰጠ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን ሌባ የሚሠራው ሥራ ነው። «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» አስተማረ ነው፤ ከፊተኛው ምሕረት፣ ከኋለኛው ትምህርት ወጥቷል። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ ነው። በአማርኛችንም «ድኅነት» መዳን ሲሆን «ድህነት» ማጣት ነው፤ ለሕዝቡ ድኅነትን የሚመኝ ሰው በፊደል ስንፍና ድህነትን ሲመኝለት ማየት ያሳቅቃል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ጥንዶች ብዛት ልከራከር አልፈልግም፤ ጥቂቶች ናቸውና። አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ፍቺውን ያገኘዋል። ወዳጅ ለወዳጁ «ሰላም ነህ ወይ?» ብሎ በንጉሡ ሠ ቢጽፍ ሰላምታው አይቀነስም። ይህን ሳልሸሽግ እቀበላለሁ። የኔ ክርክር ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ይህን ልብ በሉ። የአማርኛ ጽሕፈት ከጥንት ጀምሮ ለአንባቢው የተወለት ሸክም አለ። ፊደሉ ሲጠብቅና ሲላላ ምልክት የለውም። «ገና» ብዬ ብጽፍ በዓሉን ይሁን «ጊዜው አልደረሰም» ማለቴን ይሁን የሚለየው አንባቢው ነው። «አለ» ብጽፍ ተናገረ ማለት ይሁን በቦታው አለ ማለት ይሁን እርሱ ይወስናል። «ይበላል» ብጽፍ በዪውንና ተበዪውን እርሱ ይለያል። ይህች ራሷ «ዋና» የምትለው ቃል ሳትጠብቅ ብትነበብ በውሃ ውስጥ የሚደረገውን መዋኘት ትሆናለች፤ «ዋናው መግባባት ነው» የሚለው ሰው እንኳ ማመካኛውን በትክክል የሚያነብለት የአንባቢው ትጋት ነው። እንግዲህ ጽሕፈታችን ከመነሻው በአንባቢው ቸርነት የቆመ ከሆነ፣ በዚያ ላይ የተደበላለቀ ፊደል፣ ያልተዘጋ ዐረፍተ ነገርና የተጣበቀ ቃል መጨመር በተጫነ አህያ ላይ መቀመጥ ነው። አህያዪቱ ብትሄድም መሄዷ ጭነቱ ትክክል መሆኑን አያስረዳም።

ምሳሌ ላምጣ። አንድ ሰው «ከድር መጣ አሕመድ አልመጣም አለ» ብሎ ያለ አንዳች ነጥብ ቢጽፍልኝ ምን ልረዳ? ከድር መጥቶ አሕመድ ግን «አልመጣም» ብሎ እንቢ ማለቱ ነውን? ወይስ ሌላ ሦስተኛ ሰው «ከድር መጣ፤ አሕመድ አልመጣም» ብሎ መናገሩ ነው? በፊተኛው አሕመድን ሄጄ መለመን አለብኝ፤ በኋለኛው ግን ተቀምጬ መጠበቅ ይበቃኛል። አንድ ድርብ ሠረዝና አንድ ጥንድ ጥቅስ ይህን ሁሉ ይቈርጡት ነበር። እነዚህን ምልክቶች ለማኖር ጣት የምትደክመው ድካም ከዐይን ጥቅሻ አይበልጥም፤ እነርሱን ባለማኖር ግን አንባቢው ልብሱን ለብሶ እስከ ፈረስ መጋላ ሊወርድ ይችላል። ጸሓፊው ያዳነውን ድካም አንባቢው ዐሥር እጥፍ አድርጎ ይከፍለዋል። ይህን በገበያ ብናየው ማታለል እንለው ነበር።

እንደዚሁ ያለ መልእክት ቀልድ የማይሆንበት ጊዜም አለ። በከተማችን ሐረሪዎቹ አፎቻ፣ ሌሎቻችን ዕድር በምንለው ማኅበር ሰው ሲታመምና ሲሞት የሚነገረው ዛሬ አብዛኛውን በስልክ ጽሑፍ ነው። «አባባ አርፈዋል አትምጡ» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ምን ያድርግ? ሽማግሌው መድኃኒት ውጠው ጋደም ብለዋልና አትረብሿቸው ማለት ነውን? ወይስ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል? አማርኛችን ለዕረፍትም ለሞትም አንድ ቃል ይጠቀማል፤ ይህን ጸሓፊው ያውቃል፤ ነገር ግን የጻፈውን መልሶ በአንባቢው ዐይን ስላላነበበው አልታየውም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ በዚህ ጉዳይ ግን የምታፈሰው አንዲት ሆና የሚለቅመው መንደር ሙሉ ሰው ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ «ቀላል መልእክት ነው፤ ሰነድ ሲሆን እጠነቀቃለሁ» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ሁለት እጅ ያለው ይመስለዋል፤ አንዱ ለጨዋታ፣ አንዱ ለቁም ነገር። እጅ ግን ልማድ እንጂ ቀጠሮ አያውቅም። በመኪና ግርግር ተሰልፈው የሚሰፉትን ልብስ ሰፊዎቻችንን ተመልከቱ፤ ጎበዙ ሰፊ የውስጡን ስፌት ማንም አያየውም ብሎ አያበላሸውም። ቢያበላሸው ቀሚሱ የሚተረተረው ከውስጥ ነው፤ ደግሞም ውስጡን ማበላሸት የለመደ እጅ ውሎ አድሮ ደጁንም ያበላሻል።

ከዚህም በላይ ዛሬ ቀላሉ መልእክትና ሰነዱ የተጎራበቱ ናቸው። አባት የልጁን ሙሉ ስም ለአጎት በስልክ ይጽፋል፤ አጎት ያንኑ ለጸሓፊው ያሳየዋል፤ ጸሓፊው እንዳየው ይገለብጠዋል። የማውቀው አንድ የከተማችን ወጣት በዚህ መንገድ የአባቱ ስም በትምህርት ማስረጃው «ሐሰን»፣ በሌላ ወረቀት «ሀሰን»፣ በሌላው ደግሞ «ሃሰን» ተብሎ ተገኘበት። ሲጠሩት አንድ ሰው ነው፤ በጽሑፍ ግን ሦስት አባት አለው። ይህ ልጅ የአንድ አባት ልጅ መሆኑን ለማስረዳት ምስክር እያቆመ፣ ቴምብር እየገዛ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት ሲንከራተት አይቼዋለሁ። ለርሱ «ዋናው መግባባት ነው» ብላችሁ ንገሩት፤ ምን እንደሚመልስላችሁ እኔም መስማት እወዳለሁ።

ይህ መከራ ወደ ፊት የሚቀንስ አይምሰላችሁ። ሰው ሲያነብ ይምራል፤ መሣሪያ ግን አይምርም። የኢትዮጵያ ፊደል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ኮምፒዩተሮች የጋራ የፊደል ሰንጠረዥ ሲገባ፣ ለያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ለኮምፒዩተሩ ሀና ሐ ሞክሼ አይደሉም፤ እንደ በና እንደ ከ የተለያዩ ናቸው። በአንዱ የተጻፈውን ስም በሌላው ፈልግ ብትሉት፣ ሞክሼዎቹን እንዲያስማማ አስቀድሞ ካልተሠራ በቀር፣ «የለም» ይላችኋል። «ሐረር» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ «ሀረር» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኘው ይችላል። እኛ ድምፁ አንድ ነው እያልን ስንከራከር መዝገቡ በማይሰማ ጆሮ እጅ ገብቷል፤ ስማችን፣ መታወቂያችንና የባንክ ደብተራችን ሁሉ በርሱ ዘንድ ነው።

ስም ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚሉት አባቶቻችን ስም የባለቤቱ ገንዘብ መሆኑን ሲያስረዱ ነው። የሐረር ስም ራሱ ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ የሚሻ ቢኖር የቡናውን ታሪክ ይመርምር። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር፤ ስታርባክስ ከሚባለው ትልቅ የቡና ኩባንያም ጋራ ብርቱ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ። ክርክሩ ስለ ፍሬው ሳይሆን ስለ ስሙ ነበር። አገር ለስሟ እንዲህ ከተሟገተች፣ ሰውስ የአባቱን ስም ፊደል ለምን እንደ ጤፍ ገለባ ይበትናል?

ሦስተኛው ማስረጃ ከሁሉ ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ በአክብሮት እመልስለታለሁ። ሊቃውንቱ በእውነት አልተስማሙም። ከኛ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በድሬዳዋ፣ በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት የሠሩት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተቀበሉትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሥራ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲደክሙበት ኖሩ። እርሳቸው ሳያሳትሙት ቢሞቱ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ደስታ ተክለ ወልድም የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲያወጡ «አዲስ» የሚለውን ቃል ሁላችን እንደምንጽፈው ሳይሆን፣ ከግእዙ «ሐዲስ» መምጣቱን ተከትለው በዐይኑ ዐ፣ «ዐዲስ» ብለው በርእሱ ላይ ጻፉት። እነዚህ ሰዎች ፊደልን እንደ ዘር ሐረግ የሚቈጥሩ ነበሩ፤ ቃል ከየት እንደ መጣ በፊደሉ ይታወቅ ዘንድ ሦስት ትውልድ ደከሙ።

በሌላ ወገን ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ አሉ። እርሳቸው ሞክሼዎቹ ይቀነሱ ከሚሉት ወገን ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም የሚጠብቁትን ፊደላት በምልክት ለይተው ለአንባቢው አቀረቡለት። ይህን ነገር አስተውሉ። የፊደል መቀነስን የደገፉት ደራሲ በአንድ እጃቸው ትርፍ ያሉትን ሲያነሡ በሌላው እጃቸው አንባቢው ያጣውን ምልክት ይጨምሩለት ነበር። ሁለቱም ወገኖች በሐሳብ ቢለያዩም በአንድ ነገር አንድ ነበሩ፤ ሁለቱም ስለ አንባቢው ዐስበው፣ ሕግ ቈርጠው፣ የቈረጡትንም ሕግ በሺህ በሚቈጠሩ መስመሮች ሳይሰለቹ ጠበቁ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ አንተ ከየትኛው ወገን ነህ? «እኔ ከሐዲስ ዓለማየሁ ጋራ ነኝ፤ አንዱን ሀ ብቻ እጽፋለሁ» ካልኸኝ እጅህን እጨብጣለሁ፤ ጽና ብዬም እመርቅሃለሁ። «እኔ ከነኪዳነ ወልድ ጋራ ነኝ» ካልኸኝም እንዲሁ። ነገር ግን በአንዱ መስመር «ሀሳብ»፣ በሚቀጥለው «ሐሳብ»፣ በሦስተኛው «ሃሳብ» የምትጽፍ ከሆነ የማንም ተከታይ አይደለህም። የሊቃውንትን አለመስማማት ጥላ አድርገህ ከሥሩ የተኛህ ሰው ነህ። አስቦ መተውና ሰንፎ መጣል አንድ አይደሉም። አባቶቻችን በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ያኖሩ ነበር፤ ዛሬ በስፍራው ባዶ ቦታ እንተዋለን፤ ይህም ማንንም አልጐዳም፤ ምክንያቱም ሁላችን በአንድነት ስለ ተውነው ባዶው ቦታ የነጥቡን ሥራ ወርሶ ይሠራል። ሕግ በስምምነት ይለወጣል፤ በስንፍና ግን ይፈርሳል እንጂ አይለወጥም።

ስለ ላቲን ፊደልም አንድ ቃል ልናገር። የእጅ ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ ብዙዎቹ ስልኮች የኛን ፊደል ስለማያውቁ ሰው አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል ይጽፍ ነበር። ይህ በዚያን ጊዜ ችግር ነበርና አይነቀፍም። ዛሬ ግን ፊደላችን በያንዳንዱ ዘመናዊ ስልክ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቀናል። እንዲህ ሆኖ ሳለ «ጸ»ን፣ «ጠ»ን፣ «ቀ»ንና «ጨ»ን በማያውቅ ፊደል አማርኛ እየጻፉ አንባቢን እንቆቅልሽ ማስፈታት ምን ይሉታል? የኦሮሞ ልጆች ቋንቋቸውን በላቲን ፊደል ሲጽፉ ሕግ አውጥተውለት፣ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን ደግመው፣ የሚረዝመውን አናባቢ አጥፈው ይጽፋሉ፤ ስለዚህ ጽሕፈታቸው ጽሕፈት ነው። የኛ የስልክ ላቲን ግን ሕግ የሌለው፣ እያንዳንዱ ለራሱ የፈጠረው ነው። በከተማችን በአንድ የመንገድ ሰሌዳ ላይ የኦሮምኛው፣ የሐረሪውና የአማርኛው ጽሑፍ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ፤ ሌላው ወገን የየራሱን ሲያከብር ባየንበት ከተማ የራሳችንን ማዋረድ ያሳፍራል።

እስከዚህ ድረስ የነቀፍሁት ሰነፉን ነው። አሁን ግን ፊቴን ወደ ሌላው ወገን ልመልስ፤ ይኸኛው ከሰነፉ ይልቅ ክፉ ሊሆን ይችላልና። ይኸውም የሰውን ፊደል እየለቀመ ሰውን የሚያሳፍር «ዐዋቂ» ነው።

ሐረር የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት። እኛ ሸዋ በር የምንለውን በር ሐረሪው በራሱ ቋንቋ አስመዲን በሪ ይለዋል። በዚያው በር ሥር ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አርጎባው፣ ጉራጌውና አማራው ይገበያያሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ አማርኛን ከእናታቸው ጡት ጋራ አልጠቡትም፤ በጕልምስናቸው ተምረውት ነው። አንዲት እናት «ውሀ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆነን፤ ልጆች ተቸገሩ» ብላ ለሰፈር ኮሚቴ ብትጽፍና አንዱ ምላስኛ «እኅቴ፣ ውኃ የሚጻፈው በብዙኃኑ ኃ ነው» ብሎ ቢመልስላት፣ እኔ ይህን ሰው ሊቅ አልለውም። ጥማትን በፊደል የሚመልስ ሰው ልቡ ደንቆሮ ነው። እርሷ የተናገረችው እውነት ነበር፤ እርሱ የመለሰው ደግሞ ከጉዳዩ ለመሸሽ ነው። ደግሞም ያቺ እናት ሁለተኛ አትጽፍም። አንድ ድምፅ ከመንደሩ ጉዳይ ጠፋ ማለት ነው፤ ፊደሉም አልተጠቀመ፣ ውሃውም አልመጣ።

ስለዚህ ይህን ሚዛን ያዙ፤ የፊደል ሕግ ጸሓፊ ለአንባቢው በፈቃዱ የሚሰጠው አክብሮት ነው እንጂ፣ የተማረ ካልተማረ በጉልበት የሚያስከፍለው ግብር አይደለም። በራስህ እጅ ላይ ጥብቅ ሁን፤ በሰው እጅ ላይ ግን የዋህ ሁን። ማረም ካስፈለገህ ለብቻው፣ በለዘበ ቃል፣ ጉዳዩን ከመለስህለት በኋላ ንገረው። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ይባላል፤ ይህ ምሳሌ ለሚጽፈው ብቻ ሳይሆን ለሚያርመውም የተነገረ ነው።

ሁሉን የምታውቁ ሁኑ ብዬ አላዝዛችሁም። የኪዳነ ወልድን መዝገበ ቃላት በቃላችሁ ያዙ ማለትም ለስልክ መልእክት የማይገባ ሸክም ነው። የምጠይቃችሁ አራት ነገር ብቻ ነው፤ አራቱም ገንዘብ አይጠይቁም።

የሰውን ስም ባለቤቱ እንደሚጽፈው ጻፉ፤ ካላወቃችሁ «በየትኛው ሐ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህን መጠየቅ አለማወቅን አያሳይም፤ ያንን ሰው እንደ ሰው መቍጠርን ያሳያል። ለሌሎቹ ቃላት አንድ አጻጻፍ ምረጡና በርሱ ጽኑ፤ የሐዲስ ዓለማየሁም ይሁን የደስታ ተክለ ወልድ፣ ምርጫው የናንተ ነው፤ ማወላወል ግን የማንም አይደለም። ሐሳባችሁ ሲያልቅ አራት ነጥብ አኑሩ፤ አንባቢው የት እንደሚያርፍ ይወቅ። በመጨረሻም መልእክቱን ከመስደዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ እንደ ጸሓፊው ሳይሆን እንደ ተቀባዩ ሆናችሁ አንብቡት። ተቀባዩ ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ፣ አማርኛን በቅርብ የተማረች ሴት፣ ወይም በሩቅ አገር ሆኖ ስለ ቤተሰቡ የሚጨነቅ ልጅ ሊሆን ይችላል።

«ዋናው መግባባት ነው» ለሚለው ሰው መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። አዎን፣ ዋናው መግባባት ነው፤ ነገር ግን መግባባት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ እንደ ፈለገ እየጣለ ሌላው እየለቀመ ቢገናኙ የተግባቡት በለቃሚው ድካም ነው፤ ያም ሰው አንድ ቀን ይደክመዋል። የፊደሉን ድርሻ የሚጠብቅ ወጣት ግን የአንባቢውን ሸክም ያቀልለታል፤ ለወዳጁም ሆነ ለማያውቀው ሰው አክብሮቱን በጽሑፉ ይገልጽለታል።